ካሜራውን የለበሰው ሰው

ነጅመዲን ከስግደቱ አልተነሳም። ግንባሩ ምንጣፉን እንደነካ፣ መዳፎቹ ከጆሮዎቹ ግራና ቀኝ እንደተዘረጉ ቀርቷል። ሚስቱ ሱመያ የመጋዘኑን በር ገፋ ስታደርግ በስኳር ጆንያዎቹ መካከል ያየችው የውስጥ እግሮቹን ብቻ ስለነበር፣ ሶላቱን ገና ያልጨረሰ መሰላት። እንዳትረብሸው በሩን መልሳ ልትዘጋ ስትል ዝንቦቹን ሰማች። ጠጋ አለች። የራሱ የኋላ ክፍል እንደ ተረገጠ ቅል ወደ ውስጥ ገብቷል። ደሙ ምንጣፉን አርሶ፣ የዘይት ጀሪካኖቹን እስከ ላይኛው ድርድር ረጭቷል። የመታው ሰው በአንድ ምት አልረካም፤ ከሞተ በኋላም መትቶታል።

ጉልበቱን ካመመው ወዲህ ዐስርን፣ የከሰዓቱን ሶላት፣ መስጊድ ሳይሄድ እዚያው መጋዘኑ ውስጥ እንደሚሰግድ የኬንያ ሞያሌ ነጋዴ ሁሉ ያውቅ ነበር። በዚያ ሰዓት ወንዶቹ መስጊድ ናቸው፤ ግቢው ባዶ ነው። ገዳዩም ይህን ያውቃል።

ኢንስፔክተር ረምዚያ ከናይሮቢ የደረሰችው በማግስቱ፣ ሬሳው ከተቀበረ በኋላ ነው። ጉዞዋ ግን ከግድያው በፊት የታሰበ ነበር። ነጅመዲን ራሱ ደውሎላት ነበር። የእህቱ ልጅ ሙደሲር፣ የጭነት መኪና ረዳት፣ ከወራት በፊት በፖሊስ ኬላ ላይ ተደብድቦ ሞቷል፤ ፖሊስ ግን ከመኪና ወድቆ ነው ብሎ ፋይሉን ዘግቷል።

«የደበደበውን ፖሊስ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሏት ነበር ነጅመዲን። «ስሙን በስልክ አልጠራም። ነይ፣ ፊት ለፊት እነግርሻለሁ።»

አሁን ፊቱም የለም።

ረምዚያ እዚሁ ሞያሌ ከኢትዮጵያ ከተሰደዱ ወላጆች ተወልዳ፣ ገና ልጅ ሳለች ወደ ስኮትላንድ ተወስዳ እዚያ የተማረች ናት። ከተመለሰች ወዲህ አንድ ነገር ይዛ አለቆቿን ስትወተውት ከርማለች፤ ፖሊስ ሁሉ ደረቱ ላይ ካሜራ እንዲለብስ ይገደድ የሚል። በመጨረሻ ጥቂት ካሜራዎች ለሙከራ ተገዙ፤ ሙከራውም በሞያሌ ጣቢያ ተጀመረ። እዚህ ከተሳካ ሌላውም ይለብሳል ተባለ።

እናም የነጅመዲንን አገዳደል የቀረጸው ከእነዚያ ካሜራዎች አንዱ ነበር።

*

የጣቢያው አዛዥ ማርጋሬት ከምዕራብ ኬንያ የመጣች፣ ቀልድ የማትወድ ረጅም ሴት ናት። ኮምፒውተሩን ወደ ረምዚያ አዞረችላትና ሌላ ነገር ሳትናገር ቪዲዮውን ከፈተች። ከበሩ አጠገብ ሳጅን ጃርሶ ቆሟል፤ ረምዚያን እንዲረዳ የተመደበ የአገሩ ልጅ ነው፤ ሳቂታ፣ ትከሻው ሰፊ።

ድምፅ የለውም። ማስቀመጫው ቶሎ እንዳይሞላ በሙከራው ጊዜ ድምፅ እንዲዘጋ ተወስኖ ነበር። የግቢው በር ይከፈታል። ቀይ አፈር ያለው ግቢ፤ በስተግራ በምሰሶ ላይ የቆመ የቆርቆሮ ጥላ፣ ከሥሩ ሻይ የምታፈላ አሮጊት። አሮጊቷ ቀና ትላለች። ማንቆርቆሪያውን ታስቀምጣለች፣ በርጩማዋን አንስታ ወደ ጎን ታደርጋለች፣ ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ካሜራው አልፏት ይሄዳል። የመጋዘኑ በር። የነጅመዲን የጎበጠ ጀርባ። ከዚያ በስተቀኝ በኩል በጥቁር ጓንት የተያዘ የፖሊስ ቆመጥ ይነሳል፤ ይወርዳል፤ ይነሳል። በሦስተኛው ምት መስታወቱ ቀላ። ከዚያ በኋላ የሚታየው ቀይ ጥላ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ብቻ ነው።

ረምዚያ ቪዲዮውን አቆመችው።

«ሰባት ቁጥር ካሜራ» አለች ማርጋሬት። «የኮንስታብል ብሥራት ነው። ደም የነካው ጃኬትም የእሱ ነው፤ ምስማሩ ላይ ተሰቅሎ አገኘነው። የፈለግሽው ይህን አልነበረም? ካሜራ አምጡ አልሽ፣ አመጣን፣ ነፍሰ ገዳዩን ያዘልን።»

«ሴትየዋስ?»

«ሻይ ሻጯ ናት» አለ ጃርሶ። «ፖሊስ አይታ የማትደነግጥ አሮጊት እዚህ አገር የለችም፣ አፋንዴ» አላት፣ የኬንያ ፖሊስ አለቃውን እንደሚጠራው።

ረምዚያ ያንን ቦታ መልሳ አየችው። እሷም ፍርሃት ነው ያየችው። በማስታወሻዋ ላይ ለናይሮቢ የምትጽፈውን ዓረፍተ ነገር እንኳ በልቧ አዘጋጅታ ነበር፤ ሕዝቡ ፖሊስ ሲያይ ፊቱን ይሸፍናል የሚል።

*

ብሥራትን የያዙት የራሱ ባልደረቦች ቢሆኑም፣ ከእጃቸው ነጥቆ የደበደበው ሕዝቡ ነው። ከገበያው እስከ ጣቢያው ድረስ በድንጋይ ሸኝተውታል። ረምዚያ እስር ክፍሉ ስትገባ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። የግራ ዓይኑ ተደፍኗል። የፊት ጥርሶቹ ስለረገፉ ቃላቱ በደም መካከል ያፏጫሉ።

ያለበትን ችግር ሳይደብቅ ነገራት። በዚያ ቀን ሥራ ላይ መሆን ሲገባው በድንበር ማዶ፣ በኢትዮጵያው ሞያሌ ነበር። ዩኒፎርሙን ጣቢያ ትቶ፣ የሲቪል ልብስ ለብሶ፣ ያለ ፈቃድ ተሻግሯል። ለጋብቻ ሽማግሌ ልኮ የልጅቷ ቤተሰቦች መልስ የሚሰጡበት ቀን ነበርና።

«ያዩህ ሰዎች አሉ?»

«አጎቶቼ። ሽማግሌዎቹ። የዘመዶቼን ምስክርነት ማን ይቀበላል?»

«እዚህ ጣቢያ ውስጥ መሄድህን የሚያውቅ አልነበረም?»

ብሥራት በደህናው ዓይኑ አተኩሮ አያት።

«አንድ ሰው ሸፍኖልኛል። ሂድ፣ ሚስት ያለ ቀጠሮ አትገኝም ብሎኛል። ስሙን ግን አልነግርሽም። ሥራውን ያጣል።»

«አንተ አንገትህን ልታጣ ነው።»

«እኔን ያስገባው እሱ አይደለም» አለ ብሥራት። «ሰው ደግ በሠራልኝ እንጀራውን አላስቆርጥም።»

ስለ ካሜራው ስትጠይቀው ለመሳቅ ሞክሮ ሕመሙ አስተወው። ሂጂና የባትሪ መሙያውን እዪው አላት።

መሙያው ከመሣሪያ ክፍሉ አጠገብ ያለ ጣውላ ነው። መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ ካሜራዎቹ የሚሞሉት ጀነሬተሩ ሲነሳ ብቻ ነው፤ ያኔም ሁሉም አይሞሉም። በመዝገቡ ላይ እያንዳንዱ ካሜራ የአንድ ፖሊስ ስም አለው። ረምዚያ እዚያ ቆማ ሳለች ለጥበቃ የሚወጡት መጡ፤ አንዳቸውም ቁጥር አላዩም። አረንጓዴ መብራት የሚያበራውን እያነሱ ደረታቸው ላይ ሰኩ።

«የተሞላውን ነው የምናነሳው፣ አፋንዴ» አለ ጃርሶ ከኋላዋ። «የሞተ ካሜራ ከምንሸከም ብለን ነው። በስኮትላንድ በረዶ ላይ የተጻፈ ደንብ እዚህ ይቀልጣል።»

ረምዚያ ወደ ማርጋሬት ተመልሳ፣ ሰባት ቁጥርን ማንም ሊያነሳው ይችል ነበር አለቻት።

«ይችል ነበር» አለች ማርጋሬት። «ውጪ ለቆመው ሕዝብ ንገሪያቸዋ።»

ከጣቢያው አጥር ውጪ ሊያቃጥሉት ጎማ ከምረዋል። ቤንዚኑ እስከ ቢሮው ይሸታል። ማርጋሬት ብሥራትን በማግስቱ ከሰዓት ወደ አውራጃው ዋና ከተማ ወደ ማርሳቢት እንደምትልከው ተናገረች፤ አጃቢዎቹን የሚመራው ጃርሶ ነው፣ በፈቃደኝነት። ይህን ለብሥራት ሲነግሩት ከታሰረ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ላላ።

*

የቀሩትን ፖሊሶች ረምዚያ አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ግማሹ ኬላ ላይ፣ ግማሹ ድንበሩ በር ላይ ነበሩ፤ እርስ በርስ ይመሰካከራሉ። ጃርሶ መስጊድ ነበር። ሲታጠብ ያየው አለ፤ ሶላቱ ሲያበቃ በሩ ላይ ለሽማግሌዎች ጫማ ሲያቀብል ያየው አለ። መስጊዱ ከነጅመዲን ግቢ ጀርባ ነው። በመካከል ግን ሁሉም ፊታቸው ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ ነው፤ የሚሰግድ ሰው ዞሮ ከኋላው ማን እንደቆመ አያይም። ረምዚያ ይህን አስባ አለፈችው። ለመስጊድ ሁሉ እንዲህ ከተባለ በከተማው ንጹሕ ወንድ አይቀርም።

ጃርሶ ወደ ነጅመዲን ግቢ በመኪና ወሰዳት። በሩ ላይ ሲደርሱ ጃርሶ ሞተሩን አላጠፋም።

«እኔ ልቆይ» አለ። «ሴትዮዋ ወንድ ካለ አትናገርም።»

አሮጊቷ ጎሎ ትባላለች። ድርቁ ከብቶቿን ጨርሶባት ዳበል ከሚባል መንደር የመጣች ቦረና ናት፤ ለመኝታዋ ከግቢው አንዲት ክፍል ተከራይታ ሻይና ወተት ትሸጣለች። ብዙ ጊዜ በዚያ ሰዓት ከኡራን መንደር በሎሪ የሚመጣውን ወተት ለመቀበል ገበያ ትወርዳለች፤ በዚያ ቀን ሎሪው ቀርቶ ቤት ዋለች። ይህን ሁሉ ሳትጠየቅ፣ በተሰባበረ የገበያ አማርኛ፣ ረጋ ብላ ነገረቻት።

«አዮ» አለቻት ረምዚያ፣ እዚያ አገር እናትን እንደሚጠሩት። «የገባው ማን ነበር?»

«ፊቱን አላየሁም።»

«ካሜራው ላይ ቀና ብለሽ ታይተሻል።»

«ልብስ አየሁ። የፖሊስ ልብስ። ከዚያ አላየሁም።»

«ድምፅስ?»

የጎሎ እጆች ቆሙ።

«በእንጨት ላይ ሥጋ ሲከተፍ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለች። «እንደዚያ። ስድቡም የለ፣ ጩኸቱም የለ። ያ ብቻ።»

«ለምን አልጮህሽም?»

ጎሎ ሻይ ቀዳችላት። ረምዚያ ብርጭቆውን ስትቀበል የሴትዮዋ እጅ እንደማይንቀጠቀጥ አየች። ስትወጣ ጃርሶ ስለ ምርመራው አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት፤ ሻይ ሻጯ ስም ጠርታለች ወይ ብሎ። አልጠራችም አለችው።

*

አንድ ተጠርጣሪ ቀርቷት ነበር። መሐዲ የነጅመዲን የንግድ ሸሪክ ነው። በጭነት መኪናቸው ተጣልተው በገበያ መሃል አንገት ለአንገት ተያይዘዋል፤ ሱቁ ውስጥ ደግሞ ከልባሽ ጨርቅ ጋር የመጡ የፖሊስ ጃኬቶች ይሸጣል። ከግድያው ወዲህ ከተማ ውስጥ አልታየም። ወደ ጎልቦ ቆላ ግመል ሊገዛ ሄደ ተባለ።

በማግስቱ ጧት ሄዱ። መሐዲን ከአንድ ጉድጓድ አጠገብ፣ ከግመሎች መካከል አገኙት። ስለ ሸሪኩ ሞት ሰምቷል፤ ፊቱ በለቅሶ አብጧል። ቀኝ እጁ ከትከሻው እስከ ክርኑ በእንጨት ታስሯል። ከግድያው አንድ ሳምንት በፊት ግመል ረግጣው አጥንቱ ለሁለት ተከፍሏል፤ ያሰረለት ወጌሻም እዚያው ነበር። ረምዚያ በቪዲዮው ላይ በስተቀኝ የተነሳውን ቆመጥ አስታወሰች። ይህ እጅ ማንኪያ እንኳ አያነሳም።

«ነጅመዲንን እኔ ብገድለው» አላት መሐዲ፣ «ፊት ለፊት ነበር። ሰው ከስግደት ላይ የሚገድል ከነፍሱ ጋር የተለያየ ነው።»

ሲመለሱ ነው ያየችው። መንገዱ ዳር አንዲት ሴት በአህያ ውሃ ጭና ትመጣለች። ከፊት ለፊቷ አንድ ወጣት በእግሩ ይመጣል። ሴቲቱ ገና ከሩቅ አህያዋን ከመንገዱ አወጣች፣ መንገዱን ለቀቀችለት፣ ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ ጀርባዋን ሰጠች። ወጣቱም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ አለፈ። ካለፈ በኋላ ሻሿን ገለጠች፣ አህያዋን መታ መታ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች።

«ምን ሆና ነው?» አለች ረምዚያ።

ጃርሶ መሪውን ይዞ ቀጥ ብሎ አየ።

«አቧራ ነው፣ አፋንዴ።»

ሌላ ቀልድ አላስከተለም። ረምዚያ በመስኮት ወደ ኋላ ተመለከተች፤ ነፋስ የለም፣ የመኪናቸው አቧራም ገና ሴቲቱ ጋ አልደረሰም ነበር።

*

ሱመያ ለቅሶ ላይ ነበረች። ረምዚያ ጫማዋን አውልቃ ከሴቶቹ መካከል ተቀመጠች። ስለ ሙደሲር ጠየቀቻት። ነጅመዲን ደብዳቢውን እንደሚያውቅ ሱመያም ታውቃለች፤ ማን እንደሆነ ግን ብትለምነውም አልነገራትም። ያወቀ ይሞታል ነበር የሚላት። በሰፈሩ ስብሰባ ላይ ግን፣ ስለ ካሜራዎቹ ለማስረዳት ፖሊሶቹ በተሰለፉበት፣ ተነስቶ ተናግሯል፤ ያን ቀን ካሜራ ቢኖር ኖሮ የእህቴ ልጅ በከንቱ አይቀበርም ነበር፣ አሁን የምትሰማኝ ሴት ከናይሮቢ ልትመጣ ነው ብሎ።

ስለዚህ ፖሊሶቹ ሁሉ ሰምተዋል።

ረምዚያ ልትነሳ ስትል ያቺ ባለ አህያ ሴት ትዝ አለቻትና እንዲያው ነገረቻት። ሱመያን በዚያ ሁሉ ሐዘኗ መካከል ፈገግታ ቢጤ ጎበኛት።

«አይ እህቴ፣ አንቺ ፈረንጅ ሆነሻል። የልጇ ባል ነዋ! ቦረናዎች ዘንድ አማት ከልጇ ባል ጋር ፊት ለፊት አትተያይም። መንገድ ትለቅለታለች፣ ትሸፈናለች፣ ስሙንም አትጠራም። እሱም እሷ ካለችበት ግቢ ዘው ብሎ አይገባም፤ ስሟንም አይጠራም። ክብር ነው፤ እንደ ፍርሃት አትዪው።»

ረምዚያ ቆማ ቀረች። የሻይ ማንቆርቆሪያው በእርጋታ ሲቀመጥ ታያት። በርጩማው ከመንገድ ሲነሳ። የፈራ ሰው ይሮጣል እንጂ ለገዳይ መንገድ አያጸዳም።

«ጎሎ ሴት ልጅ አላት?»

«አንዲት። ዳበል ናት። ለአንድ ደመወዝተኛ ነው የዳረቻት።»

«ለማን?»

«እንጃ። ጎሎ ስሙን ጠርታው አታውቅም።»

*

ጣቢያው ስትደርስ ብሥራትን ወደ መኪናው እያወጡት ነው። ሕዝቡ አጥሩን ይዞ ይጮሃል። አንድ ድንጋይ የመኪናውን መስታወት ሰነጠቀ። ጃርሶ ጠመንጃውን በትከሻው አንግቶ፣ ብሥራትን በክንዱ ደግፎ፣ እንደ ወንድም እያባበለ ያስገባዋል። ረምዚያ ያን ክንድ አየችው። ይህ ሰው ብሥራትን ይዞ ከከተማ ከወጣ፣ ብሥራት ማርሳቢት አይደርስም፤ ሊያመልጥ ሲል ተመታ ይባላል፤ ፋይሉም እንደ ሙደሲር ይዘጋል።

ማስረጃ ግን የላትም። ያላት ጃርሶ ጎሎ ወዳለችበት ግቢ አለመግባቱና የአገሩን ልማድ እያወቀ አቧራ ማለቱ ነው።

ማርጋሬትን ለብቻዋ ጠርታ፣ ተጠርጣሪው ከመሄዱ በፊት ወንጀሉ ወደተፈጸመበት ቦታ ተወስዶ እንዲመራን እፈልጋለሁ አለቻት። ደንብ ነው። ማርጋሬት ሰዓቷን አየች፣ ሕዝቡን አየች፣ እሺ አለች። ረምዚያ ወደ መሙያው ሮጣ አረንጓዴ የሚያበራውን ካሜራ መንጭቃ ደረቷ ላይ ሰካች።

ግቢው ጸጥ ብሏል። ጎሎ ከጥላው ሥር ተቀምጣለች። ረምዚያ የታሰረውን ብሥራት በክንዱ ይዛ ገባች። ጎሎ ቀና ብላ ፊቱን በሙሉ ዓይን አየችው፣ የተሰነጠቀ ከንፈሩን፣ የተደፈነ ዓይኑን። አልተሸፈነችም። አልዞረችም። ቀጥታ ውሃ ቀድታ ለአፉ ያዘችለት።

«ይህን ልጅ ታውቂዋለሽ፣ አዮ?»

«አላውቀውም። ግን እናት አለው።»

ረምዚያ ወደ በሩ ዞረች።

«ሳጅን ጃርሶ፣ ግባ።»

«እኔ ደጁን ልጠብቅ አፋንዴ፣ ሕዝቡ እየመጣ ነው።»

«ደጁን ማርጋሬት ትጠብቃለች። ግባ።»

ከውጪ ማርጋሬት፣ ምን ይጠብቃል ይህ ሰው፣ ስትል ተሰማ። አለመግባት ራሱ መልስ መሆኑን ጃርሶ ሳይገባው አልቀረም። በሩ ተከፈተ።

ጎሎ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። በርጩማዋን አንስታ ወደ ጎን አደረገች። ሻሿን ፊቷ ላይ ጥላ ወደ ግድግዳው ዞረች።

ልክ እንደ ቪዲዮው። አንድ እንቅስቃሴ አልጎደለም፣ አንድም አልተጨመረም።

«ሁሉንም አስበህ ነበር» አለችው ረምዚያ። «ብሥራት ማዶ መሆኑን ታውቃለህ፤ ሂድ ያልከው አንተ ነህ። ካሜራው የሚናገረው በማን ስም እንደሆነ ታውቃለህ። ግቢው ውስጥ አማትህን ስታገኝም አልተመለስክም። ፊትህን የማታይ፣ ስምህን የማትጠራ ምስክር ከየት ይገኛል? ካሜራው አንተን አያይህም። እሷን ግን አየ።»

«ጃርሶ?» አለ ብሥራት። ጥርስ በሌለው አፉ የሕፃን ድምፅ ወጣው። «ጃርሶ፣ አንተ?»

ቆመጡ ሲመጣ ረምዚያ አላየችውም። በአንገቷና በትከሻዋ መካከል ያለው አጥንት ሲሰበር ግን ሰማችው፤ በእንጨት ላይ እንደሚከተፍ ነገር። በጉልበቷ ወደቀች። ሁለተኛው ምት ትከሻዋን ስቶ ማንቆርቆሪያውን መታው፣ የፈላው ሻይ ክንዷ ላይ ፈሰሰ። ጃርሶ ቆመጡን ጥሎ ጠመንጃውን አወረደና ብሥራትን በጫማው ወደ በሩ ገፋው። ብሥራት በታሰሩ እጆቹ ተንፏቀቀ።

«ሩጥ» አለው ጃርሶ። «ተነስና ሩጥ።»

ብሥራት አልሮጠም። አፈሙዙ ደረቱ ላይ አረፈ።

ያን ጊዜ ጎሎ ከግድግዳው ዞረች። ሻሿን ከፊቷ ገለጠች፣ ከራሷም አወረደችው። ሽበቷን ተገልጣ፣ በሁለት ዓይኗ፣ የልጇን ባል ፊቱን አየችው።

«ጃርሶ» አለችው። ስሙን ከአፏ ስታወጣው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። «ያን ቀን ዝም አልኩ። ለልጄ ብዬ ነው። ሁለተኛ አይሆንልኝም። እየኝ።»

ጃርሶ ሊያያት አልቻለም። ሰው በስግደት ላይ መግደል የቻለ ክንዱ ተነስቶ የራሱን ዓይን ጋረደ፤ ፊቱ ሳያዝዘው ወደ ግድግዳው ዞረ። አፈሙዙ ዝቅ አለ። ማርጋሬት ከበሩ የተኮሰችው ያኔ ነው። ጥይቱ ጭኑን በጥሶ ወጣ፤ ግድግዳው ደም ለበሰ። ጃርሶ ወድቆም ፊቱን ወደ አማቱ አላዞረም። እያጓራ፣ ቀይ አፈሩን እየቧጠጠ፣ ግንባሩን ግድግዳው ሥር ደፋ።

*

ሰባት ቁጥር ካሜራንና የብሥራትን ጃኬት በላስቲክ ቋጥሮ አስቀድሞ በመስጊዱ አጥር ሥር እንዳስቀመጠ፣ ከኋለኛው ሰልፍ ሾልኮ ሶላቱ ሳያልቅ እንደተመለሰ፣ በኋላም ጃኬቱንና ካሜራውን ጣቢያ እንደመለሰ፣ ጃርሶ ሐኪም ቤት ሆኖ አመነ። ስለ ሙደሲር ሲጠይቁት ግን፣ ያኔ ካሜራ የለም፣ ምን ታመጣላችሁ ብሎ ፊቱን አዞረ።

ረምዚያ ክንዷ አንገቷ ላይ ታስሮ፣ የተቃጠለ ቆዳዋ እየነዘራት፣ ካሜራዋን በግራ እጇ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘች። ሁሉም ተቀርጿል፤ የጎሎ መዞር፣ አፈሙዙ፣ የጃርሶ ክንድ። ማርጋሬት ከላይ ሆና አየችና ድንገት በጣቷ የስክሪኑን ጥግ ነካች። ለባሹ ከተጻፈበት ቦታ ላይ ያለው ስም የሳጅን ጃርሶ ነበር። ረምዚያ በጥድፊያ ያነሳችው የእሱን ካሜራ ነው።

«እንግዲህ በዚህ መሠረት» አለች ማርጋሬት፣ «ጃርሶን ያጋለጠው ጃርሶ ነው።»

ጣቷን ከስሙ ላይ አላነሳችም።

«እኔ ነኝ የለበስኩት» አለች ረምዚያ።

«እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፣ ደረትሽ ላይ ምን እንዳለ አላየሁም። ብሥራት ደግሞ ዓይኑ ተደፍኗል፣ ራሱም ተከሳሽ ነበር። ማን ያውቃል?»

«ጎሎ አይታኛለች።»

ማርጋሬት ወደ መስኮቱ ሄደች። ጎማዎቹ ተነስተዋል፤ ብሥራት በአጎቶቹ ተደግፎ ወደ ድንበሩ እየሄደ ነው። ከናይሮቢ ከሰዓት ደውለው እንደነበር ነገረቻት፤ እንግዲህ ፖሊስ ሁሉ ይልበስ ወይስ አይልበስ፣ ምን ትያለሽ ብለው።

«ይልበሱ በያቸው» አለች ረምዚያ። «ለባሹን የሚያይ ሰው ግን ከካሜራ ጋር አይገዛም።»

ከዚያ ጎሎ ወደ ልጇ የምትሄድበት ሎሪ የምስክርነት ቃሏን ሳትቀበል እንዳይነሳባት ወጣች።

የዳበል ሎሪ ገበያው ዳር ሞተሩን አስነስቷል። ጎሎ ከላይ፣ ከዱቄት ጆንያዎች መካከል ተቀምጣለች። ሻሿ ትከሻዋ ላይ ነው።

«ቃሌን ልትቀበዪ ነው የመጣሽው» አለቻት።

«አዎ፣ አዮ።»

«መጀመሪያ ለልጄ ነው። ባሏን ምን እንዳደረግሁት ከእኔ አፍ ትስማ። ከእሷ ቀድሞ የሚሰማ የለም።»

ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ረምዚያ ደረቷ ላይ መልሳ የሰካችውን ካሜራ አወለቀችና ተከትላት ለመጣችው ለማርጋሬት ሰጠቻት። ደህናውን እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ጎሎ ጎንበስ ብላ ያዘቻትና ሳበቻት፤ የተሰበረው አጥንት ሲንቋቋ ሁለቱም ሰሙት። አሮጊቷ አንዱን ጆንያ ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላት፤ ሎሪውም ተነሳ።